በቤት ኔትወርክ የተቀመጠውን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ወደ ዲስክ ስለ መቅዳት

ዛሬ በብዙ ቤት የልጆች ክርስትና፥ የሠርግ ፎቶግራፍና የአባቶች ድምፅ የሚጠበቀው ከቤቱ ኔትወርክ ጋራ በተያያዘ የፋይል ማከማቻ ሣጥን ነው። ሣጥኑ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ስላሉት፥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ብለው የሚተማመኑ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በስሕተት የተሰረዘ ፎቶግራፍ ከሁለቱም ባንድነት ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍበት ዲስክ ሌላ ቅጂ ማኖር ይገባል።

ፈረንጆች ይህን ሥራ «ማቃጠል» ይሉታል፤ የመቅጃው ሌዘር በዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙቀት ይለውጠዋልና ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ጽሕፈቱም ሳይቋረጥ መፍሰስ ይወዳል። በ16 እጥፍ ፍጥነት የሚቀዳ ዲቪዲ በየሴኮንዱ ወደ 22 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ ያለ ሽቦ የሚሠራ ኔትወርክ ግን አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። በቀድሞዎቹ መቅጃዎች እንዲህ ያለው መዘግየት ዲስኩን ከጥቅም ውጭ ያደርገው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት ግን የሳንዮ ኩባንያ ቆሞ ካቆመበት የሚቀጥልበትን ዘዴ አወጣ።

ቢሆንም ፋይሎቹን አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተሩ የራሱ ሃርድ ዲስክ አምጥቶ፥ ከዚያ በዝግታ መቅዳት የተሻለ ነው። አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ብቻ ስለሚይዝ በየዓመቱ መክፈል ያመቻል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነው፤ ይኸውም የተቀዳውን ከዋናው ጋራ ማመሳከር ነው። ይህ ሳይፈጸም ከሣጥኑ አንዲት ፋይል እንኳ አትጥፋ። ዲስኩም ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ዓመቱና የሰዎቹ ስም በለስላሳ ብዕር ይጻፍበት።