ከቀዶ ሕክምና በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማን ይጠቅማል?

በካፋ ዞን ደካ የሚኖር አንድ አባወራ ቡአ አስቸግሮት ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ሄደ እንበል። ለሌላው ምርመራ ደሙን ሳያቅማማ ይሰጣል። «ኤች አይ ቪም እንመርምርዎት?» ሲባል ግን ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ ቫይረሱ ቢገኝብኝ ቀዶ ሕክምናውን ይከለክሉኝ ይሆን?

አይከለከልም። በአገራችን አሠራር ባለሙያው ምርመራውን አስረድቶ ያቀርባል፤ ታካሚው ፈቃደኛ ካልሆነም ሌላው ሕክምና አይቀርበትም።

ምርመራው ሐኪሙን ለመጠበቅ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ብዙም አያስኬድም። በቅርቡ በቫይረሱ የተያዘ ሰው በፈጣኑ ምርመራ እስከ ሦስት ወር ድረስ ነፃ መስሎ ሊታይ ይችላል። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ባለሙያዎች የሚያዙት 3 ያህል ሲሆኑ፣ ላልተከተበ ባለሙያ የሄፓታይተስ ቢ ስጋት እስከ 300 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጓንቱ፣ የዓይን መከለያውና የመርፌ ጥንቃቄው ለማንኛውም ታካሚ እኩል ነው። መርፌ የወጋው ባለሙያም ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ28 ቀናት ይወስዳል።

ዋናው ተጠቃሚ ታካሚው ነው። ራሱን ካወቀ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ይጀምራል። የመከላከል አቅሙ በጣም ከተዳከመ ሐኪሙ እንደ ቡአ ያለውን ቀን የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ለጊዜው ሊያዘገየው ይችላል። የትርፍ አንጀት ሕመም ወይም አጣዳፊ ምጥ ግን ውጤት አይጠብቅም።

ምስጢር መጠበቁ ደግሞ ግዴታ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት፣ ወሬ ከቡናው ጋር አብሮ በሚቀዳበት አካባቢ ካርድ ላይ ለየት ያለ ምልክት ማድረግ በአደባባይ ከመናገር አይለይም። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

መድኃኒቱን አስቀድመው የጀመሩ ከሆነም ለሐኪምዎና ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩ። «ምንም እንዳይቀምሱ» በተባሉበት ጠዋት በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡት፤ በጥቂት ውኃ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ቀደም ብለው ይጠይቁ።