የግፊትና የፍሰት ቁጥጥር በሄድስፔስ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፦ የእንጅባራ ከፍታ የሚያስተምረን



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአገው ምድር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀውን አረቄ ይመለከታል። አረቄ ውስጥ ኢታኖል ብቻ ሳይሆን ሜታኖልም ሊገኝ ይችላል፤ ሜታኖል ደግሞ የዓይን ብርሃንንና ሕይወትን ይነጥቃል። ስለዚህ የምናወጣው ቁጥር ቢሳሳት ጉዳቱ በጠጪው ወይም አረቄ አውጥታ በምትተዳደረው እናት ላይ ይወድቃል።

የሄድስፔስ ዘዴ ፈሳሹን በቀጥታ አይወጋም። ናሙናው በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ይሞቃል፤ ከፈሳሹ በላይ ባለው ባዶ ቦታ የሚጠራቀመው ትነት ነው የሚመረመረው። መርፌው የጎማውን ክዳን ሲበሳ ተሸካሚው ጋዝ ብልቃጡን በግፊት ይሞላል። ከዚያ ትነቱ መጠኑ በታወቀ የናሙና ቀለበት ውስጥ አልፎ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ቀለበቱ ከከባቢ አየር ጋር ሲመጣጠን፣ በውስጡ የቀረው ወደ ኮለም ይላካል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የግፊት መለኪያ የሚያሳየን ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ 2,560 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት እንጅባራ 74 ያህል፣ ዝቅ ባለችው ዳንግላ ደግሞ 78 ያህል ነው። መለኪያው በሁለቱም ስፍራ 100 ቢል፣ ፍጹም ግፊቱ በባሕር ዳርቻ 201፣ በእንጅባራ 174 ነው።

ቀለበቱ የሚይዘው የትነት ድርሻ የከባቢው ግፊት ለብልቃጡ ፍጹም ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በባሕር ወለል 101 ለ201፣ ማለትም 0.50 ይሆናል፤ በእንጅባራ 74 ለ174፣ ማለትም 0.43 ገደማ ነው። ወደ ኮለም የሚገባው ናሙና 15 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በኮለሙ ውስጥ የሚያልፈው የጋዝ መጠንም ከመግቢያውና ከመውጫው ግፊት ስኩዌሮች ልዩነት ጋር ስለሚመጣጠን፣ በዚሁ የ100 ንባብ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አሳሳቹ ነገር ጫፎቹ የሚታዩበት ጊዜ የሚለወጠው 2 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ መሣሪያ ከቆላ ወደ ደጋ ሲዛወር የቀድሞውን የካሊብሬሽን መስመር ይዤ ቀጠልኩ። ጫፎቹ በሰዓታቸው ስለመጡ ሁሉም ደኅና መሰለኝ። መጠኑ የታወቀ የሜታኖል ማመሳከሪያ ስመረምር ግን ውጤቱ ከአሥር በመቶ በላይ አንሶ ወጣ። ስሕተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኔ ነበር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የብልቃጡ የራሱ ግፊት ነው። በእንጅባራ የታሸገ ውኃ ያለበት ብልቃጥ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣ የአየሩ መስፋፋትና የውኃው ትነት ተደምረው በመለኪያ 60 ኪሎፓስካል ገደማ ያደርሱታል። አልኮል ሲኖርበት ከዚህም ይበልጣል። የመሙያ ግፊቱን 50 ላይ ብናደርግ መርፌው ሲገባ ትነቱ ወደ ጋዙ መስመር ተመልሶ ይፈስና የሚቀጥለውን ናሙና ይበክላል። ስለዚህ የመሙያ ግፊት ሁልጊዜ ከብልቃጡ ግፊት መብለጥ አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የስፍራውን የከባቢ አየር ግፊት በመሣሪያው ውስጥ እናስገባ። ፍሰቱን በመውጫው ላይ በሳሙና አረፋ መለኪያ እናረጋግጥ፤ የምናነበውም የእንጅባራ ሚሊሊትር መሆኑን፣ ከባሕር ወለሉ 73 በመቶ ያህል ሞለኪውል ብቻ እንደሚይዝ አንርሳ። ምድጃው ሲሞቅ ጋዙ ስለሚወፍርና ፍሰቱ ስለሚቀንስ፣ የሙቀት መጠን በሚለዋወጥበት ሥራ ከቋሚ ግፊት ቋሚ ፍሰትን እንምረጥ። ካሊብሬሽን በሥራው ስፍራ፣ ናሙናው በሚመረመርበት ሁኔታ ይሠራ፤ የውስጥ ማመሳከሪያም ይጨመር። አንዱን ማመሳከሪያ ደጋግመን ስንመረምር ቁጥሩ ከተበታተነ ቅድሚያ የጎማውን ክዳንና መርፌውን ለፍሳት እንፈትሽ።

ለአንዲት ብልቃጥ አረቄ የምንሰጠው ቁጥር በሌላ ሰው ጽዋ ላይ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል እንዲሆን ከፍታችንን አብረን እንመዝን።