ከወባ ክኒን በፊት ሊታወቅ የሚገባው የደም ኢንዛይም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ፤ እሸትና ወባ። የባቄላ እሸት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ በቆላማና በወይና ደጋ አካባቢዎች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላቸው ሕሙማን ይበዛሉ። ለአብዛኞቻችን የባቄላ እሸቱም ሆነ የወባ መድኃኒቱ የሚያሰጋ ነገር የለውም። አንድ ኢንዛይም በደማቸው ውስጥ ለሚያንሳቸው ሰዎች ግን ሁለቱም ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርሱ ይችላሉ። ይህ ኢንዛይም ግሉኮስ ሲክስ ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል፤ በአጭሩ ጂ6ፒዲ።

ዲሃይድሮጂኔዝ ምንድን ነው?

ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሃይድሮጂንን ከአንድ ንጥረ ነገር ወስደው ለሌላ ተሸካሚ ያስረክባሉ። የበላነው እንጀራ ተፈጭቶ ወደ ስኳር፣ ስኳሩም ወደ ጉልበት የሚለወጠው በእነዚህ ኢንዛይሞች ቅብብሎሽ ጭምር ነው። በጉበት ውስጥ ያለው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የጠጣነውን አልኮል መሰባበር ይጀምራል። ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ደግሞ ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም ስለሚፈስ ሐኪሞች የጉዳት ምልክት አድርገው ይለኩታል። የወባ ተውሳክም የራሱ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ አለው፤ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት የሚለዩት አብዛኞቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ከጣት በተወሰደ ደም ውስጥ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

የጂ6ፒዲ ዋና ሥራ ጥበቃ ነው። ቀይ የደም ሴል ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚዞር ብረትን ከሚያዝገው ጋር ለሚመሳሰል ጉዳት የተጋለጠ ነው። ከዚህ የሚከላከልለት ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ያገለገለው ግሉታታዮን እንዲታደስ የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን የሚገኘው በጂ6ፒዲ አማካይነት ነው። ሌሎች የሰውነት ሴሎች ለዚህ ሥራ ተጨማሪ አማራጭ አላቸው፤ ቀይ የደም ሴል ግን የለውም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሲያንስ፣ 120 ቀን ገደማ መኖር የሚገባው ሴል ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ያለ ዕድሜው ይፈርሳል።

ማን ላይ ይከሰታል?

ጉድለቱ በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። በብዛት የሚታየው ወባ ባለባቸው ወይም ቀድሞ በነበረባቸው አካባቢዎች ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ጉድለቱ ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል የሚል ነው። ጉድለቱ በዘር ይወረሳል። ዘረ መሉ ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝና ወንዶች ያላቸው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ በእነርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ እናቲቱ ግን ሙሉ ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። ችግሩ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ቀስቃሽ ነገር እስካልገጠማቸው ድረስ ምንም ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ።

ከቀስቃሾቹ መካከል የባቄላ እሸት፣ እንደ ዳፕሰን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከልብስ መሐል የሚቀመጠው ናፍታሊን እንዲሁም ከባድ ኢንፌክሽን ይጠቀሳሉ። ለሕክምናው ዓለም ጉድለቱን ያሳወቀው ግን ፕሪማኩይን የተባለው የወባ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ለምን ደማቸው እንደሚፈርስ ሲመረምሩ የቆዩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ምክንያቱ የዚህ ኢንዛይም ጉድለት መሆኑን ይፋ አድርገዋል።

ፕሪማኩይን ለምን ያስፈልጋል?

በአገራችን ሁለት የወባ ዓይነቶች በስፋት ይገኛሉ፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና የመነሳት ባሕርይ አለው። ክሎሮኩይንም ሆነ ኮአርተም በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ይገድላሉ እንጂ በጉበት የተደበቀውን አይነኩትም። እርሱን የሚያጠፋው ፕሪማኩይን ሲሆን በተለመደው አሰጣጥ በየቀኑ ለ14 ቀናት ይወሰዳል። «ወባዬ በየጊዜው ይመላለስብኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ሕክምና ያላገኙ ወይም ጀምረው ያቋረጡ ናቸው።

ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒቱን መሸሽ አይደለም። ጉድለቱ መኖሩ በምርመራ ሲታወቅ ሐኪሙ አሰጣጡን ይለውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንታት በቅርብ ክትትል መስጠት አንዱ አማራጭ ነው። ለፋልሲፓረም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ግን ያለ ጂ6ፒዲ ምርመራ ሊሰጥ ይችላል። ለነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት ፕሪማኩይን አይታዘዝም።

ምን ማድረግ ይገባዎታል?

ፕሪማኩይን ሲታዘዝልዎ ጂ6ፒዲ ምርመራ ስለመኖሩ ይጠይቁ። ከዚህ ቀደም መድኃኒት ወስደው ወይም የባቄላ እሸት በልተው ሽንትዎ ጠቁሮ፣ ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ወይም ደም ተሰጥቶዎት ከነበረ ሳይጠየቁም ይናገሩ። በቤተሰብዎ እንዲህ የሆነ ሰው ካለም አይደብቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ያሳውቁ። ለሌላ ሰው የታዘዘ ክኒን ተካፍሎ መዋጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ለጎረቤትዎ የተስማማ መድኃኒት ለእርስዎ ላይስማማ ይችላል።

መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንትዎን ይመልከቱ። ቀለሙ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ከወትሮው የተለየ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የወገብ ሕመም ከተሰማዎት ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የወሰዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ደሙ በጣም ከወረደ ሕመምተኛው ደም ሊሰጠው ይገባል፤ የፈረሰው ደም ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የዓይን ቢጫ መሆንን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ በባህል መድኃኒት ቀናትን ማሳለፍ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጨቅላ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ከሆነም ይህ ጉድለት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ በማሞቅ ብቻ አይጠብቁ፤ ያስመርምሩት። ቢጫው ሲበረታ የሕፃኑን አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ጉድለቱ እንዳለብዎ ከተነገረዎት የሚድን በሽታ ባይሆንም አብሮት መኖር አያስቸግርም። የባቄላ እሸት አይብሉ፤ ስለ ሌሎች የባቄላ ምግቦችም ሐኪምዎን ያማክሩ። ናፍታሊንን ከቤት ያውጡ። በየሕክምናው ጉድለቱን ለባለሙያው ያስታውሱ፤ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍም ያድርጉ። ደም በፈረሰበት ሰሞን የተደረገ ምርመራ ውጤት ጤነኛ መስሎ ሊታይ እንደሚችልም ይወቁ፤ አሮጌዎቹ ሴሎች አልቀው ብዙ ኢንዛይም ያላቸው አዳዲሶቹ ስለሚቀሩ ምርመራው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ሊደገም ይገባል። ወንድሞችዎና የእናትዎ ወገን ዘመዶችም እንዲመረመሩ ይንገሯቸው።