አዲስ አሠልጣኝ ምን ይዞ ይመጣል?

አንድ ቡድን ደጋግሞ ሲሸነፍ ሕዝቡ የሚለው አንድ ነው። «አሠልጣኙ ይቀየር!» ይላል። የቀበሌ ቡድን ሲሸነፍም፣ ብሔራዊ ቡድን ሲሸነፍም ይኸው ጩኸት ይሰማል። አሠልጣኙ ይሄዳል፤ ሌላ ይመጣል። ታዲያ አዲሱ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? ተጫዋቾቹ እነዚያው ናቸው። ሜዳውም ያው ነው። ኳሷም ያችው ናት።

እኛ ይህን ጥያቄ አገር ሁሉ ባየው አንድ ታሪክ ልንመልሰው ፈለግን። ታሪኩ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነው። ሕዝቡ ቡድኑን «ዋልያዎቹ» ይለዋል።

የ31 ዓመት ጥበቃ

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በልታ ታውቃለች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ ግብፅን 4 ለ 2 ረታች። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በተደረገው ውድድር ቡድናችን ተካፈለ። ከዚያ ወዲያ ግን በር ላይ ቆሞ ቀረ። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን አደገ፤ አገባ፤ ወለደ። ኢትዮጵያን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ግን አላየም።

የባሰው ጊዜ ደግሞ ወደ መጨረሻው ነበር። በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ውስጥ በአመራር ምክንያት ጠብ ተነሣ። የዓለምን እግር ኳስ የሚያስተዳድረው ፊፋ በ2000 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያን አገደ። ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያም ተሰረዝን። እገዳው ሲነሣ ቡድኑ ደክሞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጊኒ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ 4 ለ 1 አሸነፈችን። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ናይጄሪያ በአገሯ 4 ለ 0 ረታችን። ሁለት የውጭ አገር አሠልጣኞች ተከታትለው መጡ፤ ተከታትለውም ሄዱ።

በ2004 ዓ.ም. ቡድኑ ለአቶ ሰውነት ቢሻው ተሰጠ። እሳቸው ለቡድኑ እንግዳ አልነበሩም። ከዚያ በፊትም ይዘውት ያውቃሉ።

ጓዳ ውስጥ ያለው

እናት የምታበስለው ጓዳ ውስጥ ያለውን ነው። ገበያ ላይ ያለውን ብትመኝ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። አዲስ አሠልጣኝም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያለውን ማየት አለበት።

ምን ነበረ? ከጥቂቶች በቀር ተጫዋቾቹ እዚሁ አገር ውስጥ የሚጫወቱ ነበሩ። ብዙዎቹ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከደደቢት ክለቦች የመጡ ናቸው። አምበሉ ደጉ ደበበና አዳነ ግርማ የጊዮርጊስ ተጫዋቾች ነበሩ። አጥቂው ጌታነህ ከበደ የደደቢት ነበር። ሌላው አጥቂ ሳላዲን ሰኢድ ግብፅ ውስጥ ይጫወት ነበር። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የሚጫወት አልነበረንም። ይህ እንደ ድህነት ሊታይ ይችላል። ግን ጥቅምም አለው። ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚጫወት ሰው፣ ጓደኛው ወዴት እንደሚሮጥ ቀና ብሎ ሳያይ ያውቃል። ጥማድ በሬን አስቡ። የተላመዱ በሬዎች ገበሬው ሳይጮህባቸው ይዞራሉ።

ሌላው ያለን ነገር ቀልጣፋ እግር ነው። ልጆቻችን ብዙዎቹ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀላል ነው። ኳስ ወደ ሰማይ ከተለጋች ረጅሙ ሰው በጭንቅላቱ ይወስዳታል። መሬት ለመሬት ከሄደች ግን ረጅምና አጭር እኩል ነው። ዋልያዎቹም በአጭር ቅብብል ይጫወቱ ነበር። ኳሷን ለቅርብ ሰው ይሰጣሉ፤ ተሽከርክረው መልሰው ይቀበላሉ። ሕዝቡም የወደደላቸው ይህንኑ ነው።

እናንተ በምታውቁት የሠፈር ቡድን ውስጥም ይኸው ይሠራል። አዲስ አሠልጣኝ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ባይጮህ ጥሩ ነው። ዳር ቆሞ ይመልከት። ሩጫ ስለሚችል ብቻ ክንፍ ላይ የተሰለፈ ልጅ ይኖራል። እሱ ግን ኳስ ማቆም አይችልም ይሆናል። ተከላካይ ተብሎ የቀረ፣ ግን ጥሩ ኳስ የሚያቀብል ልጅም ይኖራል። ሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሚያፈሰውን ጣራ መድፈን ነው። በየሳምንቱ ሦስትና አራት ጎል የሚገባበት ቡድን፣ አጥቂ ቢጨምር ምን ይጠቅመዋል? አራቱ ተከላካዮች በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ሆነው ይንቀሳቀሱ። አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሦስቱም ይከተሉት። ኳስ የተቀማ ሰው ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አይቁም። ለጥቂት ሰኮንድ እንኳ ያባርር። በእረፍት ሰዓት አሠልጣኙ አሥር ነገር ከተናገረ ተጫዋቹ አንዱንም አይዝም። አንድ ወይም ሁለት ነገር ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ተጫዋቾችን በሰው ፊት የሚሳደብ አሠልጣኝ በየቦታው አለ። እኛ ይህን አንወደውም። የተሰደበ ልጅ ኳስ ወደ እሱ እንዳትመጣ ይጸልያል እንጂ አይጫወትም።

ትንሿ ጎል

አሁን ወደ ዋልያዎቹ እንመለስ። ለ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ሁለት አገሮችን ማሸነፍ ነበረባቸው። መጀመሪያ ቤኒን ናት። አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0 ወጡ። ቤኒን ሄደው 1 ለ 1 ወጡ። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ፣ ድምሩ እኩል ከሆነ በሰው አገር ብዙ ጎል ያገባ ያልፋል። ኢትዮጵያ በሰው አገር 1 አግብታለች። ቤኒን አዲስ አበባ ላይ ምንም አላገባችም። ስለዚህ ኢትዮጵያ አለፈች።

ከዚያ ሱዳን መጣች። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ ሱዳን 5፣ ኢትዮጵያ 3 ሆነ። አምስት ጎል የገባበት ቡድን ተስፋ ቢቆርጥ ማን ይፈርድበታል? ግን ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ሦስቱን ጎሎች ይዞ ነው የሚመለሰው። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አንዳንድ አገቡ። 2 ለ 0። እስቲ ደምሩት። ኢትዮጵያ 3 ሲደመር 2፣ አምስት። ሱዳን 5 ሲደመር 0፣ አምስት። በሰው አገር ግን ኢትዮጵያ 3 አግብታለች፣ ሱዳን ምንም። የ31 ዓመት ጥበቃ በዚያ ቀን አበቃ። ከተማው ሌሊቱን ሲጨፍር አደረ።

ልብ በሉ። ከአራቱ ጨዋታዎች ቡድናችን ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። አዲስ አሠልጣኝ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ነው። አንድ ጎል ማዳን፣ አንድ ጎል ማግባት። ከሩቅ ሲታይ ግን ተአምር ይመስላል።

በደቡብ አፍሪካ

የደረሰን ምድብ ከባድ ነበር። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ በኋላ ለፍጻሜው የደረሱት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑ ጥር 13 ነው። ዋንጫውን ከበላንበት ቀን ልክ 51 ዓመት ሞላው።

በዚያ ጨዋታ ያልሆነ ነገር የለም። ሳላዲን የመታትን ሪጎሬ የዛምቢያ በረኛ መለሳት። ሪጎሬ ማለት አንድ ሰው ከበረኛው ጋር ብቻውን ተፋጥጦ የሚመታው ቅጣት ነው። ቀጥሎ የኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። አሥር ቀሩ። ከእረፍት በፊት ዛምቢያ አገባች። ከእረፍት በኋላ ግን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 አለቀ። አሥር ሰው ሆኖ ከዋንጫው ባለቤት ጋር እኩል መውጣት ቀላል አይደለም።

ቀጣዩ ጨዋታ ግን ያሳዝናል። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በረኛቸው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ፣ አሥር ሆነው ሦስት ጎል ጨመሩ። የኛ ልጆች ለማግባት ሲሮጡ ኋላቸው ክፍት ቀርቶ ነበር። ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0 ለ 0 ነበሩ። ከዚያ ሁለት ሪጎሬ ተሰጠባቸውና 2 ለ 0 ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የቢጫ ካርዱ ነገር

አሁን የምንነግራችሁ ከሜዳ ውጭ የሆነ ነገር ነው። በዚያው ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ይካሄድ ነበር። በምድቡ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና እና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበሩ። ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል። እኩል የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል።

ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ሄደው 1 ለ 1 ወጡ። መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0 አሸነፉ። ቦትስዋናን በአገራችን 1 ለ 0፣ በአገሯ ደግሞ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረቱ። አንድ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ድምሩ 13 ነጥብ። ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ብቻ ነበራት። አንድ ጨዋታ ቀርቶ ምድቡ ተዘጋ ተባለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ።

ፊፋ በዚያው ቀን ምርመራ መክፈቱን ተናገረ። ነገሩ እንዲህ ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በሁለት ጨዋታዎች አንዳንድ ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። አማካይ ማለት በመሐል ሜዳ የሚጫወት ሰው ነው። በማጣሪያው ደንብ ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ አይጫወትም። እሱ ግን ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ተጫወተ። በሁለቱ ቢጫዎች መካከል ወራት አልፈው ነበርና የመጀመሪያው ተረሳ። ፊፋ ያንን ድል ሰረዘው፤ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። 13ቱ ነጥብ 10 ሆነ።

ጥፋቱ የማን ነው? ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አምኗል። እኛ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል እናየዋለን። ሃያ ሦስት ጎልማሶች ወራት ለፍተዋል። ላብ ፈስሷል። ያንን ሁሉ ያስወሰደው አንድ መስመር ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። በአንድ ደብተር ላይ የተጫዋቹ ስም፣ ጨዋታው፣ ቀኑ፣ ከጎኑም «ቢጫ» የሚል ቃል ቢጻፍና ከጨዋታው በፊት ቢነበብ ኖሮ ያ ልጅ በዚያ ቀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

በየሠፈሩ ቡድን እንዲህ ያለ ደብተር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ኳስ የማይችል ሰው ሊሆን ይችላል። ትናንት ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰውም ይበቃል። ማን ቢጫ አየ? ማን እግሩን ታመመ? ማን ልምምድ ቀረ? ጎሉ በስንተኛው ደቂቃ ገባብን? ይህ ለሁለት ወር ከተጻፈ አሠልጣኙ ሌላ ነገር ያያል። ብዙ ጎል የሚገባበት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከሆነ ልጆቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል ማለት ነው። ከማዕዘን ምት ከሆነ ደግሞ ሰው የሚይዝ ጠፍቷል። ሩጫ ይጨምር ወይስ አያያዝ ያስተምር? መልሱ ደብተሩ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ

ዋልያዎቹ በዚያ ቅጣት አልወደቁም። የመጨረሻውን ጨዋታ ኮንጎ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን መሩ። ከመጨረሻዎቹ 10 የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርባ አታውቅም። የቀረችው ናይጄሪያ ነበረች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን።

በጥር ወር ደግሞ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ብቻ በሚደረገው የአፍሪካ ውድድር ላይ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንድ ጎል ተሸነፈ። «አሠልጣኙ ይቀየር!» የሚለው ጩኸት ተመለሰ። አቶ ሰውነት ተሰናበቱ። ከፖርቱጋል አሠልጣኝ መጣ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ያለ ኢትዮጵያ አለፉ።

በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ዋልያዎቹ እንደገና አልፈው ካሜሩን ሄዱ። ሁለቱን ጨዋታ ተሸነፉ። ሦስተኛው ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነበር። ያችው 4 ለ 0 ያሸነፈችን ቡርኪና ፋሶ ናት። አሁን 1 ለ 1 ወጡ። ጎሏን በሪጎሬ ያገባው ጌታነህ ከበደ ነው። በ2005ቱም ቡድን ውስጥ ነበረ።