መብራቱ እየበራ ሞተሩ ለምን አይነሣም?

በማለዳ ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች። ባለቤቱ የፊት መብራቱን ሲሞክር ቦግ ይላል። «ባትሪውማ ደህና ነው» ይልና ሞተሪኖ ያስፈታል። እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ባሉ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለው ፍርድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ መብራት መብራቱ ብቻውን ምስክር አይሆንምና።

ሁለቱ የፊት መብራቶች የሚስቡት 10 አምፔር ገደማ ነው። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጠይቃል። በባትሪው ራስና በኬብሉ መያዣ መካከል ዝገት ገብቶ 0.05 ኦም ብቻ ቢቃወም፣ መብራቱ የሚያጣው ግማሽ ቮልት ነው፤ ዓይን አይለየውም። 100 አምፔር ልለፍ ሲል ግን 5 ቮልት እዚያው ይቀራል። በተረፈው ጉልበት ሞተሪኖው ሞተሩን ማዞር ያቅተዋል።

ስለዚህ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ።

መብራቱ ድብዝዝ ካለ ወይም ከጠፋ፣ ወይ ባትሪው ወርዷል ወይ ኬብሉ ከባትሪው ራስ ጋር ያለው እስር ተበላሽቷል። ሳይደበዝዝ አንዴ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ሞተሪኖውንና ወደ እሱ የሚሄደውን ኬብል ጠርጥሩ። ሞተሩ በኃይል እየዞረ ካልተነሣ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፤ ካንዴላ፣ ኮይል ወይም የቤንዚን መስመር ይታይ።

ባትሪውን ከእስሩ የሚለየው ቴስተር ነው። ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን በኬብሉ መያዣ ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ንጹሕ እስር ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ግማሽ ቮልት ከታየ ጥፋቱ እዚያው ጣታችሁ ሥር ነው። በኔጌቲቩ ራስና በሞተሩ ብረት መካከልም እንዲሁ ለኩ፤ በአሮጌ መኪና የሚረሳው ይህ መስመር ነው።

ለማጽዳት መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ እሰሩት። ያለበለዚያ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ የመኪናውን አካል ቢነካ እሳት ይረጫል። ዝገቱን በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ በብረት ብሩሽ ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረበው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ይወርዳልና። ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ኬብል መንቀል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ደህናውን ዲናሞ ሊያቃጥል ይችላልና እባካችሁ አታድርጉት። ሳትለኩ ዕቃ አትቀይሩ።