ስለ እንቅርትና ስለ ጨው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው የአገራችን ተረት እንቅርት በሕዝባችን ዘንድ ምን ያህል የቆየ በሽታ እንደ ሆነ ያስረዳል። እንደ እንጅባራ ባለው ደጋ አገር ብዙ ዝናም ከተዳፋቱ አፈር አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር አጥቦ ይወስደዋል፤ አፈሩ ያጣውን እህሉና ድንቹ፣ እህሉ ያጣውንም ሰው ያጣዋል። በአንገት ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያንሰው ሥራውን ለመፈጸም ሲታገል ያብጣል። እናቶቻችን አንገታቸውን ይነቀሱ የነበረው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል በማለት ጭምር ነበር፤ ንቅሳቱ ግን ያምራል እንጂ አዮዲን አይሰጥም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ የዕድሜ ልኩ ቢጠራቀም እንኳ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለነፍሰ ጡር 250 ነው። እርሷ ካጣች ጉዳቱ ከአንገቷ አልፎ በማኅፀኗ ያለውን ሕፃን አእምሮ ያገኘዋል። በትምህርት ቤት ሰነፍ ተብሎ የሚቀጣው ልጅ ጉድለቱ ከዚያ የጀመረ ሊሆን ይችላልና፣ መምህራን ይህን እንዲያስቡት እንለምናለን።

እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ አብዛኛው ጨው ከቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን ገብቶበት ይመጣ ነበር፤ በኋላ የአፋር ጨው ሲተካው አዮዲኑ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲገባበት አዘዘ። ይሁን እንጂ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታል፤ ስለዚህ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር።

አንገቱ ያላበጠም ሰው ዕጢው ሊታመም ይችላል። ብርድ የማይችል፣ ቶሎ የሚደክም፣ የሆድ ድርቀት ያለበት፣ ያለ ምክንያት የሚወፍር ሰው ሆርሞን አንሶት ይሆናል፤ ልቡ የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እየበላ የሚከሳ ደግሞ በዝቶበት ይሆናል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። እየበሉ መክሳት የስኳር በሽታም ምልክት ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ጥምና ሽንት ከበዙ፣ ስኳሩም ይመርመር፤ ሳይበሉ አድረው በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ተገኝቶ በሌላ ቀንም ቢደገም በሽታው አለ ማለት ነው።

ሆርሞን አንሶት ሌቮታይሮክሲን የታዘዘለት ሰው ክኒኑን ጧት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጥ። ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆየው፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም በሚገባ እንዳይዘልቅ ያግደዋልና። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጾም ከመያዙ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ምግቡ ቀርቶ መድኃኒቱ ሲቀጥል ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል።