ስንት ሜጋ እየደረሰን ነው?

«የምከፍለው ለ5 ሜጋ ነው፤ ፊልም ሳወርድ ግን 600 ኪሎ ላይ ይቆማል።» ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳው ቅሬታ ነው። ሰውየው ግን የከፈለበትን እያገኘ ነው። ኦፕሬተሮች ፍጥነትን የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን፣ ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በኪሎ ባይት ወይም በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ለ8 ሲካፈል 625 ኪሎ ባይት ይመጣል። በአፍ ሁለቱንም «ሜጋ» ስለምንላቸው ልዩነቱ ይጠፋብናል። ስሌቱን አንዴ ከያዝነው ግን 1.5 ጊጋ ባይት ፊልም በ5 ሜጋ መስመር ለመውረድ 40 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ሳንሞክረው እናውቃለን። በዚያ ላይ ዳታው የሚጓዘው አድራሻና መቆጣጠሪያ ተለጥፎበት በመሆኑ፣ 5 ሜጋ የተገዛ መስመር የፍጥነት መለኪያ ላይ 4.6 ወይም 4.7 ቢያሳይ ጤነኛ ነው።

እርግጥ ትክክለኛ ቅሬታም ሞልቷል። 5 ሜጋ ተከፍሎበት 1 ሜጋ የሚደርስበት ቤት አለ። ችግሩ ግን የፍጥነት መለኪያው «1 ሜጋ» ብሎ ሲነግረን ጥፋቱ የት እንዳለ አብሮ አለመንገሩ ነው። ዳታው ከስልካችን ተነስቶ በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ በመዳብ ወይም በፋይበር መስመር ወደ ኦፕሬተሩ፣ ከኦፕሬተሩ ከአገር ወጥቶ እስከ ሰርቨሩ ይጓዛል። መለኪያው የሚሰጠን ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ በጣም ደካማው ክፍል ያሳለፈውን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስልክ አውጥቶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መለካት ብዙም አይጠቅምም። ጉዞውን በየክፍሉ እየነጠሉ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ዋይፋይን ከጉዳዩ ማውጣት ነው። ላፕቶፑን በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙና ዋይፋዩን ያጥፉት። የቤተሰቡን ስልኮች፣ ቴሌቪዥኑንና ታብሌቱን ለአምስት ደቂቃ ከዋይፋይ ያስወጡ። ቪፒኤን ካለ ይዘጋ፤ ዊንዶውስ በስተጀርባ ራሱን እያደሰ እንዳልሆነ ይታይ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይለኩና መካከለኛውን ይያዙ። ይህንኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድገሙት፤ ለጥቂት ቀናት ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፉ ያስቀምጡት። ንጋት ላይ ሙሉ ፍጥነት አግኝቶ ምሽት ላይ ግማሹ ብቻ ከደረሰ፣ የእርስዎ መስመር ደህና ነው፤ የተጨናነቀው ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት የኦፕሬተሩ ክፍል ነው። ሌሊትም ቀንም እኩል ዝቅ ካለ ግን ወደ ራስዎ መስመር መመልከት ይገባል።

እዚህ ላይ በሲም ካርድ በሚሠራ የ4ጂ ራውተር ለሚጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መለኪያው ራሱ ዳታ ይበላል። በ40 ሜጋ ፍጥነት ለ15 ሰከንድ ሲለካ ለማውረዱ ብቻ 75 ሜጋ ባይት ይሄዳል፤ የመጫኑ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። በጊጋ የተገደበ ፓኬጅ ያለው ሰው በየሰዓቱ መለካት የለበትም።

በየትኛው መለኪያ እንለካ ለሚለው፣ ከአንድ በላይ መጠቀሙ ነው የሚያዋጣው። ኡክላ የተባለው ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ስፒድቴስት ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ቅርብ ያለውን ሰርቨር ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ መስመሩን ጥግ ድረስ ይሞላዋል። አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ጋር ከለካ፣ የለካው ከቤትዎ እስከዚያ ሰርቨር ያለውን ብቻ ነው። ኔትፍሊክስ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋስት የተባለው መለኪያ ደግሞ ከኔትፍሊክስ የራሱ ሰርቨሮች ይለካል። ኤም ላብ የተባለው የተመራማሪዎች መለኪያ በአንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚለካ ቁጥሩ ከስፒድቴስት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ ሦስቱም እውነት ነው፤ የለኩት መንገድ ይለያያል እንጂ። በስፒድቴስት ላይ ሰርቨሩን በእጅ መምረጥ ስለሚቻል፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን አድርጎ ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው። የአገር ውስጡ ሙሉ ሆኖ የውጪው በጣም ካነሰ ችግሩ ከቤትዎ መስመር ውጪ ነው፤ ቴክኒሻን መጥራትም አያስፈልግም።

በኬብል የተገኘው ቁጥር ጥሩ ከሆነና በስልክ ግን ኔቱ የሚያዘግም ከሆነ፣ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው። በእኔ እምነት የአብዛኛው ቤት ችግር እዚህ ጋ ያልቃል፤ ሰዎች ሳይለኩ ከፍ ወዳለ ፓኬጅ ሲቀይሩ ሳይ የምቆጨውም ለዚህ ነው። ራውተሩ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ቴክኒሻኑ ኬብሉን ያስገባበት ጥግ ነው፤ ቡፌ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ። የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና ውኃ የሞላ ሮቶ የዋይፋይን ሞገድ ያዳክማሉ። ራውተሩን ከፍ ባለ ቦታና ወደ ቤቱ መሐል ማውጣት ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ይለውጣል። ከዚህ ሌላ አሁን ያሉ ራውተሮች አብዛኞቹ በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፦ በ2.4 ጊጋ ኸርዝና በ5 ጊጋ ኸርዝ። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ሆኖም እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዋይፋይ ዝርዝሩን ሲከፍቱ የጎረቤት ስሞች ተደርድረው ካዩ፣ ያ ሁሉ ራውተር እነዚህን ሦስት ቻናሎች እየተሻማ ነው። 5 ጊጋ ኸርዙ ብዙ ቻናል አለው፣ ፍጥነቱም ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ በ5፣ ጓዳ ያለው ስልክ በ2.4 ቢገናኙ ይሻላል። ለውጡን ለማየት አንዴ ራውተሩ አጠገብ፣ አንዴ መኝታ ቤት ሆኖ መለካትና ቁጥሮቹን ከኬብሉ ጋር ማስተያየት ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ዳውንሎድ ነው። መለኪያው ግን ሌሎች ቁጥሮችም ያሳያል፤ ብዙ ሰው አይቶ ያልፋቸዋል። አፕሎድ ከእኛ የሚወጣው ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ካለ ልጅዎ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ የእሱ ፊት የሚመጣው በእርስዎ ዳውንሎድ ሲሆን የእርስዎ ፊት የሚሄደው በአፕሎድ ነው። እሱ ጥርት ብሎ እየታየዎት «እማዬ፣ እየተቆራረጥሽ ነው» ካለ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የእርስዎ አፕሎድ ነው። በስልክ መስመር በሚመጣው ኤዲኤስኤል ይህ ይበልጥ ይጠብባል፤ ቴክኖሎጂው ከመነሻው የተሠራው ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ተደርጎ ነው፤ አፕሎዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋ ብዙም አያልፍም።

ሌላው ፒንግ ነው፤ አንድ ትንሽ መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ በሚሊ ሰከንድ። ከአዲስ አበባ አዳማ የተሠራው ፈጣን መንገድ ስድስት ረድፍ መሆኑ ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ አዳማን ወደ አዲስ አበባ አያቀርባትም፤ የሜጋ ብዛትና ፒንግም እንዲሁ ናቸው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ደርሶ መልሱ በተፈጥሮ ሕግ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ዳታችን በጅቡቲና በኬንያ በኩል ወጥቶ የባሕር ኬብል ይይዛል፤ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ቀይ ባሕርን፣ ግብፅንና ሜዲትራኒያንን ያቋርጣል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ፣ ወደ አሜሪካ ከ200 በላይ ቢታይ ርቀቱ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ተቆርጠው እንደነበረው ያለ አደጋ ሲደርስ፣ ትራፊኩ በሌላ ረጅም መንገድ ስለሚዞር የውጪው ፒንግ ይጨምራል፤ የአገር ውስጡ መለኪያ ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ለንግግር ምን ያህሉ ይበቃል ካልን፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በፒንግ ሲቆጠር ደርሶ መልሱ 300 ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ግን መስመሩ ሥራ ላይ እያለ ያለው ፒንግ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን 30 ሚሊ ሰከንድ የነበረው፣ አንድ ሰው ፋይል ሲያወርድ ወይም ፎቶ ሲጭን ወደ 500 እና 600 የሚዘልበት ቤት ብዙ ነው። ራውተሩ ወይም ሞደሙ ማሳለፍ ያልቻለውን ዳታ በውስጡ ስለሚያከማች፣ በኢንተርኔት የሚደረገው ስብሰባ ድምፅ ከፎቶው ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሜጋው በቂ ሆኖ ሳለ ዙም የሚቆራረጠው፣ ጨዋታ የሚንቀራፈፈው፣ ቀላል ድረ ገጽ እንኳ ለመከፈት የሚያዘግመው በዚህ ነው። የስፒድቴስት መተግበሪያ ሦስት ፒንግ ያሳያል፦ ባዶውን፣ በዳውንሎድ ጊዜ ያለውንና በአፕሎድ ጊዜ ያለውን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመጀመሪያው እጅግ ከራቁ በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱም አለ። ራውተሩ ትራፊክ የመመደብ ቅንብር ካለው፣ ዳውንሎዱንና አፕሎዱን ከተለካው 90 በመቶ ላይ መገደብ ወረፋው ራውተሩ ሊቆጣጠረው በሚችልበት ቦታ እንዲፈጠር ያደርጋል። ቅንብሩ ከሌለ ደግሞ በስብሰባ ሰዓት የስልኮቹን የፎቶ ምትኬ ማቆም አብዛኛውን ችግር ይፈታል።

ለመሆኑ ስንት ሜጋ ይበቃል? ኔትፍሊክስ ራሱ ለኤችዲ 1080 ቪዲዮ 5 ሜጋ፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ይላል። የድምፅ ጥሪ ከ0.1 ሜጋ ብዙ አይበልጥም። በአንድ ምሽት አንድ ቴሌቪዥን ፊልም፣ ሁለት ስልክ ዩቲዩብ የሚያዩበት ቤት በ15 ወይም በ20 ሜጋ ተመችቶት ያመሻል።

አሁን በኬብል ተለክቶም ሌሊትና ቀን ፍጥነቱ ዝቅ ወዳለበት ቤት እንመለስ። መስመሩ መዳብ ከሆነ የራውተሩን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን ራውተሩ ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ራውተሩ ከኦፕሬተሩ ማሽን ጋር የተስማማበት ፍጥነት ይታያል። ይህ ቁጥር ከከፈሉበት ካነሰ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ እስከ ኦፕሬተሩ የስልክ ማዕከል ባለው መዳብ ላይ ነው፤ ዋይፋይም የባሕር ኬብልም አያገባውም። አጠገቡ የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት በዲሲቤል ተጽፏል፤ ከ6 ካነሰ መስመሩ መቆራረጡ አይቀርም። መዳብ ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ማዕከሉ አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ቢሰጥም፣ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ቤት ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው የሚደርሰው። በክረምት መቀጠያዎቹ ውስጥ ውኃ ሲገባ ደግሞ ጫጫታው ይጨምራል፤ የቤት ስልኩን አንስተው የሚንጫጫ ድምፅ ከሰሙ ምልክቱ ያ ነው። ፋይበር ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ የፋይበሩ ሳጥን ላይ ያለችው፣ ሲግናል መጥፋቱን የምታሳየው መብራት ቀይ ከበራች ግን ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነውና ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት አይፈታውም።

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ወደ 994 ሲደውል «ኔቱ አይሠራም» ከማለት ይልቅ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ በኬብል የለካበትን ቀንና ሰዓት፣ ያገኘውን ፍጥነትና ራውተሩ ላይ ያነበበውን ቢናገር፣ ቴክኒሻኑ መረጃ ይዞ እንጂ ግምት ይዞ አይመጣም። በመስመሩ ላይ የተመዘገበው ፍጥነት ስንት እንደሆነም መጠየቅ ይገባል፤ ፓኬጅ ተቀይሮ ምዝገባው በአሮጌው ቀርቶ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ቅሬታው የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ኦፕሬተሩ መፍትሔ ካልሰጠ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚዎችን አቤቱታ ይቀበላል፤ በቀንና በሰዓት የተመዘገበው የልኬት ወረቀትና የቅሬታው ቁጥር ከአቤቱታው ጋር ተያይዘው ሊቀርቡ ይገባል።